በፒኤልሲና በኢንቨርተር መካከል ግንኙነት ሲቋረጥ፦ የብልሽት ፍለጋ የአሠራር መመሪያ

አንድ የውኃ ማሰራጫ ጣቢያ ወይም የምርት መስመር «ኮሙኒኬሽን ፎልት» (የግንኙነት ብልሽት) የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ሲቆም በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚወሰደው እርምጃ ኃይል አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ያ ካልሠራ ካርድ ይለወጣል። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ ይሠራሉ። ችግራቸው ሲሠሩ ምክንያቱን አለመግለጻቸው፣ ሳይሠሩ ሲቀሩ ደግሞ በፒኤልሲው (ማሽኖቹን በፕሮግራም በሚያዘው ተቆጣጣሪ) ማኅደር ውስጥ የነበረውን ማስረጃ ደምስሰው መሄዳቸው ነው። ይህ መመሪያ የሚከተለው መንገድ ከዚህ ይለያል፦ ምንም ነገር ከመለወጡ በፊት ብልሽቱ በየትኛው የመስመሩ ክፍል እንዳለ መለየት፣ ከዚያም ያንን ክፍል በመለኪያ እያረጋገጡ ማጥበብ።

ለምሳሌነት የተመረጠው በብዙ ፋብሪካዎችና የውኃ ጣቢያዎች የሚታይ አደረጃጀት ነው። አንድ ፒኤልሲ በአንድ የአርኤስ-485 መስመር (ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ ጥንድ ሽቦ የሚያገናኝ የዳታ መስመር) ላይ ስድስት ኢንቨርተሮችን (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎችን) በሞድባስ አርቲዩ፣ ማለትም በጥያቄና መልስ በሚሠራ የግንኙነት ቋንቋ፣ ያዛል፤ የኦፕሬተር ስክሪኑና የስካዳው (የጣቢያው መከታተያ ሥርዓት) ኮምፒውተር ደግሞ ከፒኤልሲው ጋር በኢተርኔት ስዊች በኩል ተያይዘዋል። ለሥራው መልቲሜትር፣ ላፕቶፕ፣ ከዩኤስቢ ወደ አርኤስ-485 መለወጫ፣ የሞድባስ መሞከሪያ ሶፍትዌር፣ ሁለት ባለ 120 ኦም ሬዚስተሮችና የመስመሩ ንድፍ ያስፈልጋሉ። ንድፉ ከሌለ ገመዱን ከፓኔል ወደ ፓኔል ተከትሎ በእጅ መሣል ጊዜ ማባከን አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ብልሽቱ የሚገኘው ንድፉ ሲሣል ነው።

ሽቦ ከመነካቱ በፊት

ግንኙነት ጠፍቷል ማለት ሞተሩ ቆሟል ማለት አይደለም። ኢንቨርተሩ ከፒኤልሲው ትእዛዝ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው የራሱ ፓራሜትር (በውስጡ የሚሞላ የአሠራር ቁጥር) ነው፤ እንደ አሞላሉ ወዲያው ሊቆም፣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ ሊቆም ወይም በመጨረሻ በታዘዘበት ፍጥነት መሽከርከሩን ሊቀጥል ይችላል። ከዚህ የሚከፋው፣ የማስነሻ ትእዛዙ በፕሮግራሙ ውስጥ እንደበራ ከቀረ፣ መስመሩ በተስተካከለበት ቅጽበት ሞተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊነሳ መቻሉ ነው። ስለዚህ የፈረቃ ኃላፊው እንዲያውቀው ተደርጎ ማሽኑ ወደ እጅ አሠራር ይዛወር፤ በሚንቀሳቀስ አካል አጠገብ ሰው የሚሠራ ከሆነ ዋናው ማብሪያና ማጥፊያ በቁልፍ ይቆለፍ፣ ቁልፉም ሥራውን በሚሠራው ሰው እጅ ይሁን። ኢንቨርተር ከተከፈተም ኃይሉ ከጠፋ በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ቮልቴጅ እስኪወርድ ድረስ በአምራቹ መመሪያ የተመለከተውን ያህል ደቂቃ መጠበቅ ግዴታ ነው።

የፒኤልሲው ፕሮግራምና የኢንቨርተሮቹ ፓራሜትር ቅጂ በእጅ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ ከሁሉም በፊት ቅጂው ይወሰድ።

ሌላው ጥንቃቄ በሥራ ላይ ባለ የመቆጣጠሪያ ኔትወርክ ላይ ለቢሮ ኮምፒውተሮች የተሠሩ አድራሻ አሳሽ ሶፍትዌሮችን አለመልቀቅ ነው። በተለይ የቆዩ ተቆጣጣሪዎች ያልተዘጋጁለት ብዛት ያለው መልእክት ሲመጣባቸው ሥራቸውን ያቆማሉ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በሚገኘው የብራውንስ ፌሪ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ በሦስተኛው ዩኒት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 19 ቀን 2006 ሁለቱ የውኃ ማዘዋወሪያ ፓምፖች በመቆማቸው ሠራተኞቹ ሪአክተሩን በእጅ ለማጥፋት ተገደዋል፤ ለፓምፖቹ መቆም ምክንያት ሆኖ የተገኘውም በጣቢያው የመቆጣጠሪያ ኔትወርክ ላይ ከመጠን ያለፈ የመልእክት ብዛት የኢንቨርተሮቹን ተቆጣጣሪዎች ከሥራ ውጭ ማድረጉ ነበር። በዚያ የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ማንም ሰው በክፋት ሳያጠቃው ኔትወርክ ብቻውን ይህን ያህል ሊያደርግ እንደሚችል ማወቅ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ የብልሽቱን ቅርጽ መለየት

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ የጠፋው አንድ መሣሪያ ነው፣ ጥቂቶቹ ናቸው ወይስ ሁሉም የሚለው ነው። ከስድስቱ ኢንቨርተሮች አራተኛው ብቻ ከጠፋ ችግሩ በራሱ በመሣሪያው፣ በአድራሻው ወይም በተርሚናሉ ላይ ነው። በገመዱ ቅደም ተከተል ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት ሁሉ ከጠፉ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ገመድ ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው፤ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ የገመዱ እንጂ የአድራሻ ቁጥሩ እንዳልሆነ ያስተውሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጠፉ የፒኤልሲው ወደብ፣ የ24 ቮልት ኃይል አቅርቦቱ ወይም በመስመሩ ላይ የተፈጠረ ሾርት ይታሰባል። ያለ ሥርዓት አንዴ ይኼኛው አንዴ ያኛው የሚጠፋ ከሆነ የኤሌክትሪክ ረብሻ፣ የማብቂያ ሬዚስተር (በመስመሩ ጫፍ የሚተከለው) ወይም የተደጋገመ አድራሻ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ጊዜው ይጠየቃል። ትልቁ ሞተር ሲነሳ ነው የሚጠፋው? ዝናብ ሲጥል? መብራት ጠፍቶ ሲመለስ? ባለፉት ቀናት የተለወጠ መሣሪያ፣ የተጎተተ አዲስ ገመድ፣ በፓኔሉ ውስጥ የተሠራ ሥራ አለ? ኦፕሬተሮች ይህን ብዙ ጊዜ ያውቁታል፤ ካልተጠየቁ ግን አይናገሩም። ከመብራት መመለስ ጋር የተያያዘው ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፦ ስዊቹና የኦፕሬተር ስክሪኑ ከፒኤልሲው ዘግይተው ሊነሱ ስለሚችሉ ፒኤልሲው ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ፎልቱን ይይዛል፣ ከዚያም ሰው እስኪያጠፋው ድረስ ይዞት ይቆያል። ይህ የገመድ ብልሽት አይደለም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የመነሻ መቆያ ጊዜ በመጨመር የሚፈታ ነው።

በመጨረሻም በፒኤልሲው የምርመራ ማኅደር የተመዘገበው የስሕተት ዓይነትና ሰዓት ፎቶ ይነሳ፤ ኃይል አጥፍቶ ማብራት የሚታሰብ ከሆነ ከዚህ በኋላ ይሁን።

ደረጃ 2፦ መብራቶቹንና ኃይሉን ማየት

በፒኤልሲው የግንኙነት ወደብ ላይ የመላኪያና የመቀበያ መብራቶች ካሉ ብዙ ይናገራሉ። የመላኪያው ብልጭ እያለ የመቀበያው ጨርሶ ካልበራ ፒኤልሲው እየጠየቀ ነው፣ መልስ የሚሰጠው ግን የለም። ሁለቱም የሚበሩ ሆነው ፎልቱ ካለ መልስ እየመጣ ነው፣ ይዘቱ ግን ተቀባይነት አላገኘም፤ ይህም ወደ አሞላል ወይም ወደ ረብሻ ያመለክታል። የመላኪያው መብራት ካልበራ ገመዱን መመርመር ትርፉ ድካም ነው፤ ፒኤልሲው በስቶፕ ላይ መሆኑን ወይም የግንኙነት ፕሮግራሙ መሮጥ አለመሮጡን ይመልከቱ። የ24 ቮልቱ ኃይል አቅርቦት የሚለካው ጭነቱ እንዳለ፣ ከተቻለም ትልቁ ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት ነው።

ደረጃ 3፦ መስመሩን መለካት

ሞድባስን በ1979 ያወጣው ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ አሠራሩም ሰብሳቢው ስም ካልጠራ ማንም የማይናገርበት ስብሰባ ይመስላል። ፒኤልሲው አንዱን በአድራሻው ጠርቶ ይጠይቃል፣ የተጠራው ብቻ ይመልሳል። ሁሉም የሚነጋገሩት በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ ስለሆነ የዚያ ጥንድ ጤንነት ከሁሉም ይቀድማል። በእኔ ግምት በዚህ ዓይነት መስመር ላይ ከሚደርሱ ብልሽቶች አብዛኞቹ እዚህ ደረጃ ላይ ይያዛሉ፤ ስለዚህ አይቸኩሉ።

በመጀመሪያ በመስመሩ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ሁሉ ኃይል አጥፍተው በሁለቱ የዳታ ሽቦዎች መካከል ያለውን ሬዚስታንስ ይለኩ። በመስመሩ በሁለቱ ጫፎች ባለ 120 ኦም የማብቂያ ሬዚስተር ከተተከለ መለኪያው ወደ 60 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። 120 ገደማ ካነበበ አንዱ ጫፍ ሬዚስተር የለውም ወይም ገመዱ መሐል ላይ ተቆርጧል። ወደ 40 ገደማ ከወረደ ሦስተኛ ሬዚስተር የሆነ ቦታ ተጨምሯል፤ ይህ የሚሆነው አዲስ የተተከለ ኢንቨርተር በውስጡ ያለው የማብቂያ ስዊች እንደበራ ሲቀር ነው። ወደ ዜሮ የቀረበ ንባብ ሾርት ነው። ሆኖም ገመዱ ረጅም ከሆነ ንባቡን በጭፍን አይውሰዱ፦ 0.2 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በአንድ ኪሎሜትር ሄዶ ሲመለስ ወደ 170 ኦም ስለሚጨምር ከአንዱ ጫፍ ሲለካ ጤነኛው መስመር 85 ኦም አካባቢ ሊያሳይ ይችላል።

ሁለተኛው ልኬት ኃይሉ በርቶ፣ ፒኤልሲው መጠየቁን አቁሞ መስመሩ ጸጥ ባለበት ጊዜ የሚደረግ ነው። የአርኤስ-485 ተቀባይ ምልክቱን በእርግጠኝነት የሚለየው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.2 ቮልት ሲበልጥ ነው። ማንም በማይናገርበት ጊዜ ልዩነቱ ከዚህ በታች ከወረደ ተቀባዮቹ ረብሻውን እንደ ዳታ ሊያነቡት ይችላሉ። መፍትሔው ጸጥ ያለውን መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ የሚስቡ ሬዚስተሮችን በአንድ ቦታ ብቻ፣ ብዙ ጊዜ በፒኤልሲው በኩል፣ ማብራት ነው።

ሦስተኛው የሽቦዎቹ አቅጣጫ ነው። «ኤ» እና «ቢ» የሚሉት ስያሜዎች በአምራቾች መካከል አይጣጣሙም፤ አንዱ ኤ ያለውን ፖዘቲቭ ሲያደርገው ሌላው ኔጋቲቭ ያደርገዋል። በመሆኑም ኤን ከኤ ጋር ማገናኘት ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም። አዲስ የተተከለ አንድ መሣሪያ ብቻ የማይመልስ ከሆነ ሁለቱን ሽቦዎች በዚያ መሣሪያ ላይ ብቻ አቀያይሮ መሞከር ጉዳት የሌለው ፈጣን ሙከራ ነው።

አራተኛው፣ ሦስተኛው ሽቦ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። አርኤስ-485 በሁለት ሽቦ ይሠራል ስለሚባል የጋራ መሠረቱ ሽቦ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ነገር ግን ተቀባዩ ከራሱ መሠረት አንጻር የሚታገሠው ከ-7 እስከ +12 ቮልት ያለውን ብቻ ነው። በተለያዩ ሕንፃዎች ያሉ ፓኔሎች የኧርዝ ቮልቴጃቸው ሲለያይ፣ በተለይም በክረምት መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ፣ ይህ ወሰን ይጣሳል፤ ወደቡም ይቃጠላል። የተጠረጠረን ወደብ ለመለየት መሣሪያውን ከመስመሩ ነጥለው ከእያንዳንዱ የዳታ ተርሚናል ወደ ጋራው መሠረት ያለውን ሬዚስታንስ ይለኩና ከተመሳሳይ ጤነኛ መሣሪያ ጋር ያወዳድሩ።

በዚሁ አጋጣሚ የገመዱን አካሄድ በዓይን ይመርምሩ። መስመሩ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እየተቀባበለ መሄድ አለበት እንጂ ከአንድ ሳጥን እንደ ቅርንጫፍ ወደየአቅጣጫው መበተን የለበትም። አጠቃላይ ርዝመቱም በዝቅተኛ ፍጥነት ቢሆን እንኳ 1200 ሜትር አካባቢ ወሰኑ ነው።

መስመሩ ፕሮፊባስ (ሌላ የኢንዱስትሪ ግንኙነት ዓይነት) ከሆነ ሐሳቡ ያው ሆኖ ዝርዝሩ ይለያል። ማብቂያው በኮኔክተሩ ላይ ባለ ትንሽ ስዊች የሚበራ ሲሆን በሁለቱ ጫፎች ብቻ መብራት አለበት፤ መሐል ላይ ያለ ኮኔክተር ስዊቹ ከበራ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይቆረጣሉ። ጫፍ ላይ ያለው መሣሪያ ኃይል ሲያጣም ማብቂያው ከመሣሪያው የሚያገኘው 5 ቮልት ስለሚጠፋ ሌሎቹ ይታወካሉ።

ደረጃ 4፦ አሞላሉን ማመሳከር

ሽቦው ጤነኛ ሆኖ መልስ ከሌለ የባውድ ፍጥነት (የዳታ መላኪያ ፍጥነት)፣ ፓሪቲ (የስሕተት መፈተሻ ቢት)፣ የስቶፕ ቢት (የፊደል መዝጊያ) ብዛትና አድራሻ ከፒኤልሲው ጋር ይመሳከራሉ። የሞድባስ መሣሪያ አድራሻ ከ1 እስከ 247 ባለው ውስጥ መሆን አለበት፤ ሁለት መሣሪያዎች አንድ አድራሻ ከያዙ በአንድ ጊዜ ስለሚመልሱ ሁለቱም የሌሉ ይመስላሉ። ይህን ለማወቅ አንዱን ነቅሎ ሌላው ሲመለስ ማየት ይበቃል። በብዙ ኢንቨርተሮች ላይ የግንኙነት ፓራሜትር ከተለወጠ በኋላ ኃይል ተቋርጦ እስኪመለስ ድረስ አዲሱ ቁጥር ሥራ ላይ እንደማይውልም አይዘንጉ።

መሣሪያው የስሕተት ኮድ ከመለሰ ደስ ሊልዎ ይገባል፤ ሽቦው፣ ፍጥነቱና አድራሻው ትክክል መሆናቸው በዚያ ተረጋግጧልና። ኮድ 1 የተጠየቀውን የሥራ ዓይነት አላውቀውም፣ ኮድ 2 የጠየቅኸው ሬጅስተር (ቁጥር የሚቀመጥበት የማኅደር ቦታ) የለኝም፣ ኮድ 3 የላክኸው ዋጋ ተቀባይነት የለውም ማለት ነው። ከሦስቱ ኮድ 2 ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ቁጥር ልዩነት ነው፦ በመመሪያ መጽሐፍ 40001 ተብሎ የተጻፈው ሬጅስተር በመስመሩ ላይ የሚጠራው በ0 ሲሆን፣ አንዳንድ ሶፍትዌር አንዱን ቁጥር ራሱ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ግን ለተጠቃሚው ይተወዋል።

የጊዜ አሞላሉ ለብቻው መታየት ይገባዋል። በ9600 ባውድ አንድ ፊደል 1.15 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ አሥር ሬጅስተር ለማንበብ ጥያቄውና መልሱ ተደምረው 33 ፊደል ስለሆኑ 38 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃሉ፣ የመሣሪያው ማሰቢያ ጊዜም በዚያ ላይ ይታከላል። ፒኤልሲው መልስ እስኪያጣ 1 ሰከንድ የሚጠብቅና ሦስት ጊዜ ደግሞ የሚሞክር ከሆነ አንድ የሞተ ኢንቨርተር በእያንዳንዱ ዙር አራት ሰከንድ ይበላል። በዚህ ጊዜ አምስቱ ጤነኛ ኢንቨርተሮች ትእዛዝ ስለሚዘገይባቸው የራሳቸውን ፎልት ያወጣሉ፤ ጠጋኙም መስመሩ በሙሉ እንደተበላሸ ያስባል። ስለዚህ ለጥገና ከመስመሩ የተነሳ መሣሪያ ከመጠይቁ ዝርዝር ውስጥ በፕሮግራም መውጣት አለበት።

ደረጃ 5፦ መስመሩን ለሁለት መክፈል

እስካሁን ካልተገኘ ላፕቶፑን በመለወጫው በኩል ወደ አንድ ኢንቨርተር ብቻ ያገናኙና በቀጥታ ይጠይቁት። ከመለሰ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ከዚያም ገመዱን በመካከሉ፣ በምሳሌያችን ከሦስተኛው ኢንቨርተር በኋላ፣ ይንቀሉና በአዲሱ ጫፍ ላይ 120 ኦም አስገብተው ፒኤልሲው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ እንዲጠይቅ ያድርጉ። ሦስቱ ከሠሩ ብልሽቱ በሌላው ግማሽ ነው፤ ካልሠሩ ይህንኑ ግማሽ እንደገና ይክፈሉ። ሬዚስተሩን ሳያስገቡ መክፈል ግን አዲስ ችግር ጨምሮ ማደናገር ነው።

የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት ከሆነ ለሙከራ የባውድ ፍጥነቱን በሁሉም መሣሪያዎች ላይ ዝቅ ያድርጉ፣ ለምሳሌ ከ38400 ወደ 9600። ስሕተቱ በጉልህ ከቀነሰ ጉዳዩ የምልክት ጥራት ነው፤ ወደ ማብቂያ፣ ወደ ገመድ ዓይነትና ወደ ረብሻ ይመለሱ። ሞተሮቹ ሲቆሙ ብቻ የሚጠፋ ስሕተት ምንጩ የኢንቨርተሩ የሞተር ገመድ መሆኑ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። የዳታ ገመዱ ከኃይል ገመድ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ ከኢንቨርተር ወደ ሞተር ከሚሄደው ደግሞ የተቻለውን ያህል፤ መሻገር ካለበትም በቀጥታ ማዕዘን ይሻገር። የገመዱ ሺልድ (ረብሻ መከላከያ ሽፋን) በፓኔሉ መግቢያ በሰፊ ክላምፕ ይያዝ እንጂ ተጠምዝዞ በረጅም ሽቦ አይንጠልጠል።

ደረጃ 6፦ የኢተርኔቱ ወገን

ኢንቨርተሮቹ በትክክል እየሠሩ ስክሪኑ ወይም ስካዳው ብቻ ከጠፋ የአርኤስ-485 መስመሩን ይተዉት። በስዊቹ ላይ የሊንክ መብራቱን፣ ቀጥሎም የላፕቶፕዎን አይፒ አድራሻ ይመልከቱ፤ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ የሰጠው ስለሆነ በእጅ በትክክለኛው ክልል ይሙሉት። ከዚያ ፒኤልሲውን ፒንግ ያድርጉ፣ ማለትም አጭር የሙከራ መልእክት ልከው መልሱን ይመልከቱ። ፒንግ መመለሱ ገመዱና አድራሻው መሥራታቸውን ብቻ ይናገራል፤ ፕሮግራሙ እየሮጠ መሆኑን ወይም የሞድባስ ቲሲፒ (በኢተርኔት የሚሄደው ሞድባስ) ወደብ 502 ክፍት መሆኑን አይናገርም። ብዙ ፒኤልሲዎች በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት የግንኙነት ብዛት ውሱን ስለሆነም፣ ሳይዘጋ የተረሳ የሙከራ ሶፍትዌር የስካዳውን ቦታ ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ፒንግ አንዴ እየመለሰ አንዴ የሚቀር ከሆነ ሁለት ነገሮችን ይጠርጥሩ። አንደኛው የተደጋገመ አይፒ አድራሻ ነው፤ የፒኤልሲውን ገመድ ነቅለው ፒንጉ አሁንም ከመለሰ ሌላ መሣሪያ በዚያ አድራሻ አለ። ሁለተኛው በአንዱ ጫፍ ፍጥነቱ በእጅ ወደ ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል) ተሞልቶ በሌላው ጫፍ በራሱ እንዲመርጥ መተው ነው፤ ራሱ የሚመርጠው ወገን ሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ መላክና መቀበል) ይይዝና መልእክት ሲበዛ ስሕተቱ ይበዛል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ይሞሉ። ስዊቹ በላፕቶፕ የሚከፈት ከሆነ በየወደቡ የተመዘገበው የሲአርሲ ስሕተት (ተበላሽቶ የደረሰ መልእክት) ቁጥር የትኛው ገመድ እንደታመመ ያሳያል፤ ዜሮ አድርገው ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንብቡት። የሁሉም ወደቦች መብራት ሳያቋርጥ አብሮ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አንድ ሰው ከስዊች ወደዚያው ስዊች ገመድ መልሶ ሰክቶ ዙር ፈጥሮ ሊሆን ይችላል።

ፕሮፊኔት (በኢተርኔት ላይ የሚሠራ የኢንዱስትሪ ግንኙነት) ባለበት ቦታ የተተካ አዲስ መሣሪያ ሳይመልስ ሲቀር ከአይፒው በፊት የመሣሪያ ስሙን ይመልከቱ፤ ተቆጣጣሪው የሚፈልገው በስሙ ነው፣ አዲስ መሣሪያ ደግሞ ያለ ስም ነው የሚመጣው። ከዚህ በላይ ማየት ካስፈለገ የስዊቹን አንድ ወደብ ወደ ላፕቶፑ አስገልብጠው በዋየርሻርክ (የኔትወርክ መልእክት መቅጃ ሶፍትዌር) ይቅዱ፤ ይህ መልእክት ሳይጨምሩ ማድመጥ ስለሆነ በሥራ ላይ ባለ ኔትወርክም ይፈቀዳል።

ደረጃ 7፦ ማረጋገጥና መመዝገብ

ፎልቱ መጥፋቱ ብቻ መጠገኑን አያረጋግጥም። የስሕተትና የድጋሚ ሙከራ ቆጣሪዎቹን ዜሮ አድርገው ሁሉም ሞተሮች በሙሉ ጭነት በሚሠሩበት ሁኔታ ቢያንስ አንድ ፈረቃ ያስሩጡና ቆጣሪዎቹን ያንብቡ፤ ለሙከራ የተቀነሰው የባውድ ፍጥነት፣ ከመጠይቁ የወጣው መሣሪያና በእጅ የተያዘው አሠራር ወደ ቦታቸው መመለሳቸውንም ያረጋግጡ። ከዚያም መስመሩ ጤነኛ በሆነበት በዚሁ ጊዜ የለኩትን ሬዚስታንስ፣ የጸጥታውን ቮልቴጅ፣ የእያንዳንዱን መሣሪያ አድራሻና የግንኙነት ፓራሜትር በንድፉ ላይ ጽፈው አንዱን ቅጂ በፓኔሉ በር ውስጥ፣ ሌላውን በጥገና ክፍል ያስቀምጡ።